ባቡር ጣቢያ ሲያዜም መንገደኛው ምን ይሰማል?

በ1952 ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያልተለመደ መዝገብ ቀረበ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዋሽንግተን ከተማ የጎዳና ባቡርና አውቶቡስ የሚያሠራው ኩባንያ በተሽከርካሪዎቹ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ገጥሞ ሙዚቃና የንግድ ማስታወቂያ ያሰማ ነበር። ሁለት ተሳፋሪዎች ይህን ተቃውመው ክርክሩን እስከ መጨረሻው ችሎት አደረሱት። ከዳኞቹ አንዱ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ግን በጉዳዩ ላይ አልፈርድም ብለው ራሳቸውን አገለሉ። ምክንያታቸውን በጽሑፍ አስፍረዋል። እሳቸው ራሳቸው የዚያ ሙዚቃ ሰለባ ስለሆኑና ነገሩ ስሜታቸውን እጅግ ስለነካው፣ ዳኛ ሆነው ባይቀመጡበት እንደሚሻል ጻፉ።

አብዛኞቹ ዳኞች ለኩባንያው ፈረዱ። በልዩነት የቆሙት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን ዛሬም የሚጠቀስ ሐሳብ ጥለው አለፉ። በሕዝብ ማመላለሻ የሚጓዝ ሰው ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው የሚሳፈረው፤ ሬዲዮ ቢሰለቸው ጣቢያ እንደሚቀይር ወይም እንደሚያጠፋ ሰው አይደለም፤ ከተሳፈረ ይሰማል፣ ቢበዛ ላለመስማት ይታገላል።

ባቡር ጣቢያም እንዲሁ ነው። መንገደኛው የሚቆየው ባቡሩ እስኪመጣ ነው፤ ሙዚቃው ካልጣመው ወጥቶ ሌላ ጣቢያ መሄድ አይችልም። ስለዚህ የጣቢያ ሙዚቃ ጉዳይ ሲነሳ ክላሲካል ይሁን፣ ጃዝ ይሁን ወደሚለው ምርጫ ከመዝለል በፊት፣ ድምፅ ጣቢያ ውስጥ ምን ሥራ እየሠራ እንደሆነ ማየት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሙዚቃን እንደ ውሃና እንደ መብራት ከአንድ ማዕከል ወደ ብዙ ሕንፃ የማስገባት ሐሳብ የመጣው ከአንድ አሜሪካዊ ጄኔራል ነው። ጆርጅ ኦወን ስኳየር ይባላሉ። በሽቦ ድምፅ ማስተላለፍን የሚያውቁ መሐንዲስ ነበሩ፤ በ1934 «ሙዚቃ» የሚለውን ቃል ከካሜራ ፋብሪካው ከኮዳክ ስም ጋር አዳቅለው ሥራቸውን «ሙዛክ» አሉት። ቢሮና ፋብሪካ፣ ሆቴልና ሱቅ ገባ። የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ዋና ጠባይ ትኩረት እንዳይስብ ሆኖ መሰናዳቱ ነው፤ ዘፋኝ የለውም፣ ድንገት ከፍ ዝቅ አይልም፣ ሲጀምርም ሲያልቅም ልብ አይባልም።

በ1949 መኸር የኒው ዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ሙዚቃና የንግድ ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ማሰማት ሲጀምር ግን ልብ ተባለ። ተቃውሞው በርትቶ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ጉዳዩን በይፋ ሰማ፤ የኒው ዮርከር መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሃሮልድ ሮስ ቀርበው መሰከሩ። በጥር 1950 ሥርጭቱ ተቋረጠ። እንግዲህ ሁለት ዓመት ተኩል ባልሞላ ልዩነት አንዱ ከተማ ሙዚቃውን አስወጣ፣ የሌላው ከተማ ሙዚቃ ደግሞ በፍርድ ቤት ጸና።

የጣቢያ ኃላፊዎች ሙዚቃ የሚፈልጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። መጠበቅ ያሰለቻል፤ ቀዝቃዛና ሰው የራቀው መሳፈሪያ ያስፈራል፤ ጥሩ ዜማ ደግሞ መንፈስን ያለዝባል። ሐሳቡ ቅን ነው፣ አላጣጥለውም። ከሥሩ ግን አንድ እምነት አለ፤ ሙዚቃ ጊዜን ያሳጥራል የሚል። ይህ እምነት ሲመረመር እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

በ1992 ኬላሪስና ኬንት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የተለያየ ቅኝት ያለው ሙዚቃ አሰምተው ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ገምቱ አሏቸው። ደስ የሚል ሙዚቃ ጊዜን ያስረሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በውጤቱ ይደነግጣል፤ ረጅም ሆኖ የተሰማቸው ብሩህና ጆሮ ገቡ ቅኝት ነበር። አጭር የመሰላቸው መነሻና መድረሻው የማይታወቀው፣ ለብዙዎች ጆሮ የሚከብደው ሙዚቃ ነው። አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው፦ አእምሮ ያለፈን ጊዜ የሚለካው በዚያ ጊዜ ውስጥ በያዘው ነገር ብዛት ነው፤ የወደደውን ሙዚቃ በደንብ ስለሚይዘው ጊዜው ሞልቶ፣ ረዝሞ ይታየዋል። አንድ የቤተ ሙከራ ጥናት ሁሉን አይወስንም፤ ቢሆንም «ሙዚቃ ክፈቱ፣ ጥበቃው ያጥራል» የሚለውን የተቻኮለ ምክር ያስቆማል።

ከዚህ ይልቅ ለጣቢያ የሚቀርበው ዴቪድ ማይስተር በ1985 ስለ ሰልፍና ጥበቃ የጻፉት ነው። ሰው ሥራ ፈትቶ ሲጠብቅ ይረዝምበታል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ማይስተር የጨመሩት ግን መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃ ከሚታወቀው ይረዝማል፣ ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃም ከተነገረው ይረዝማል የሚለውን ነው። ባቡሩ በ12 ደቂቃ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ዘና ብሎ መጽሐፉን ይከፍታል። የማያውቀው በየደቂቃው አንገቱን ወደ ሐዲዱ ያሰግጋል፤ ለእሱ 5 ደቂቃም ብዙ ነው።

የጣቢያ ሙዚቃ ቁልፍ ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥበቃን ከምንም በላይ የሚያሳጥረው መረጃ ነው፤ መረጃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሙዚቃው በሚወጣበት በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በዚያው አዳራሽ ነው። ሙዚቃው የባቡሩን መምጫና መነሻ የሚነግረውን ማስታወቂያ ከሸፈነ፣ ሊያሳጥረው የተከፈተበትን ጥበቃ ራሱ ያስረዝመዋል።

ሙዚቃ ማስታወቂያን እንዴት እንደሚሸፍን በቁጥር እንየው። የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር አይደመርም፤ እኩል ኃይል ያላቸው ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ሲሰሙ ልኬቱ በ3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ይላል። ማስታወቂያ ያለ ችግር እንዲሰማ ከዙሪያው ጫጫታ ቢያንስ በ10 ዴሲቤል ያህል መብለጥ አለበት። የአዳራሹ ጫጫታ 70 ዴሲቤል ነው እንበል፤ ማስታወቂያው 80 ይሆናል። አሁን 70 ዴሲቤል ሙዚቃ ጨምሩበት። ዙሪያው 73 ደረሰ፤ ማስታወቂያው ወደ 83 መውጣት አለበት። ነገሩ እዚህም አይቆምም። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳስተዋሉት፣ ሰው ጫጫታ ሲበዛበት ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሙዚቃው ሲከፈት ሕዝቡ ጮክ ብሎ ያወራል፤ ሕዝቡ ሲጮህ ሙዚቃው ጠፋ ተብሎ ይጨመራል፤ በመጨረሻ ለማስታወቂያው ቦታ አይተርፍም።

ጣቢያ ደግሞ እንደ ሳሎን አይደለም። ወለሉ ድንጋይ፣ ጣሪያው መስታወትና ብረት፣ ግድግዳው እብነ በረድ ነው። አንድም ድምፅ የሚመጥ ነገር የለም። በእንዲህ ያለ ትልቅ አዳራሽ አንድ ድምፅ ተሰምቶ እስኪጠፋ ብዙ ሰከንዶች ሊቆይ ይችላል። አስታዋቂዋ በሰከንድ 4 ወይም 5 ፊደል ያህል ትናገራለች። የመጀመሪያው ቃል ማሚቶ ለ4 ሰከንድ ካንዣበበ፣ ከኋላው ከ15 በላይ ፊደላት ይደራረቡበታል ማለት ነው። ሙዚቃው ሲገባ የእሱም ማሚቶ በዚህ ሁሉ ላይ ይነጠፋል። ድምፁን ማጮህ ማሚቶውንም አብሮ ስለሚያጮኸው መፍትሔ አይሆንም።

በንግግር ውስጥ ኃይል ያላቸው «አ»፣ «ኦ»፣ «ኢ» የመሳሰሉት አናባቢዎች ናቸው፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ግን ደካሞቹ «ሰ»፣ «ተ»፣ «ከ»፣ «ፈ» ናቸው። ጫጫታና ማሚቶ ቀድመው የሚውጡት እነዚህን ነው። «ሦስት» እና «ስድስት» የሚሉትን ቃላት አፋችሁን በመሐረብ ሸፍናችሁ ከሌላ ክፍል ለቆመ ሰው ተናገሩ፤ የቱን እንዳላችሁ ይጠይቃችኋል። ባቡሩ የሚነሳው ከሦስተኛው መሳፈሪያ ይሁን ከስድስተኛው የሚታወቀው በእነዚያ ደካማ ድምፆች ነው። ባለሙያዎች የንግግርን መሰማት ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ይገምታሉ፤ ለአደጋ ጊዜ ድምፅ ማሰራጫ ብዙ ጊዜ 0.5 ዝቅተኛው ወሰን ነው። የትኛውም ጣቢያ ሙዚቃ ከመክፈቱ በፊት ይህን ቁጥር ቢለካ መልካም ነበር። ማስታወቂያው በጸጥታም የማይሰማ ከሆነ የሙዚቃ ጥያቄው ገና አልደረሰም።

ይህን ዋጋ ሁሉም እኩል አይከፍልም። ዕድሜው የገፋ ሰው ንግግርን ከጀርባው ድምፅ ለይቶ መስማት ያቅተዋል። መስሚያ መሣሪያ ያደረገ ሰው መሣሪያው ንግግሩንም ሙዚቃውንም አብሮ ያጎላበታል። ማየት የተሳነው መንገደኛ ደግሞ ጣቢያውን የሚያነበው በጆሮ ነው፤ የዱላው ጫፍ ከግድግዳው መልሶ የሚያሰማው ድምፅ፣ የበሩ መከፈት፣ ባቡሩ ከየት በኩል እየገባ እንደሆነ፣ የሕዝቡ እርምጃ ወደ የት እንደሚያዘነብል ሁሉ ለእሱ ካርታ ነው። ለሌላው ከባቢውን ያሳምራል የተባለው ዜማ ለእሱ በመንገዱ ላይ የተዘረጋ ጭጋግ ነው። የጣቢያን ድባብ ለማሻሻል የሚነሳ ሁሉ ይህን ሰው ቀድሞ ቢያስበው እወዳለሁ።

ታዲያ ሙዚቃ ጨርሶ አይከፈት? እንዲህ አልልም። ሥራው በጥንቃቄ ሲሠራ ብዙ ነገር ይስተካከላል። በጥቂት ግዙፍ ማጉያዎች ፈንታ ብዙ ትንንሽ ማጉያዎች በሰው አቅራቢያ ቢሰቀሉ እያንዳንዱ ዝቅ ብሎ መናገር ይችላል፤ ማሚቶውም ይቀንሳል። የዙሪያውን ጫጫታ በማይክሮፎን እየለኩ ድምፁን ራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ አለ። ማስታወቂያ ሲመጣ ሙዚቃው ከንግግሩ በፊት ቀስ ብሎ መውረድና መጥፋት አለበት፤ አብሮት ከሥር እያንጎራጎረ መቆየት የለበትም። ግጥም ያለው ዘፈን፣ በተለይ ሰሚው በሚያውቀው ቋንቋ ከሆነ፣ ከመሣሪያ ቅንብር ይልቅ ማስታወቂያውን ይሻማል፤ ጆሮ ቃል ሲሰማ ሳይፈልግም ይከተላል።

ሰዓትም ወሳኝ ነው። የኔዘርላንድስ ባቡር ተመራማሪ ማርክ ቫን ሃገን በ2011 ለዶክትሬት ባቀረቡት ሥራ የጣቢያ ጥበቃን በሰፊው መርምረዋል። ጠዋት ወደ ሥራ የሚጣደፈውና ለሽርሽር የወጣው መንገደኛ አንድ ዓይነት ድባብ አይፈልጉም፤ መሳፈሪያው በሰው ሲሞላ ረጋ ያለ ነገር፣ ሲራቆት ደግሞ ነቃ የሚያደርግ ነገር ይሻላል። እንግዲህ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት አንድ ዓይነት ሙዚቃ የሚያሰማ ጣቢያ ቢያንስ ለግማሹ ቀን ተሳስቷል።

ድምፅን በማሰብ መጠቀም ምን እንደሚመስል ለማየት ጃፓን ጥሩ ምሳሌ ናት። ቀድሞ ባቡር ሊነሳ ሲል የሚሰማው የሚያደነቁር ደወል ነበር። በመጋቢት 1989 በቶኪዮ ሺንጁኩና ሺቡያ ጣቢያዎች በያማሃ የተሠሩ አጫጭር ዜማዎች ተተኩ። ዜማዎቹ ሰከንዶች ብቻ የሚቆዩ ናቸው፤ በኋላ ብዙ ጣቢያዎች የየራሳቸውን ያዙ። ሚኖሩ ሙካያ የተባሉት የሙዚቃ ሰው ብቻቸውን ከመቶ በላይ የጣቢያ ዜማ ደርሰዋል። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ እነዚህ ዜማዎች ጀርባ ላይ አይፈሱም፤ አንድ ነገር ይናገራሉ፣ ይጨርሳሉ፣ ጸጥታውን ለሌላው ይለቃሉ። ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው ዜማውን ብቻ ሰምቶ የቱ ጣቢያ እንደደረሰ ያውቃል። በመሳፈሪያዎች ላይ የሚሰማው የወፍ ዝማሬም ለጌጥ አይደለም፤ ማየት ለተሳናቸው ደረጃው የቱ ጋ እንደሆነ ይጠቁማል።

እዚያም ቢሆን ያልታሰበ ነገር ተከስቷል። ዜማው በሮቹ ሊዘጉ መሆኑን ስለሚያበስር፣ ገና ደረጃ ላይ ያለው መንገደኛ ሰምቶ ይሮጣል። በሩጫ መሳፈር አደጋ ስለሚያስከትል በአንዳንድ መስመሮች የመሳፈሪያውን ዜማ አስቀርቶ ድምፁን ከባቡሩ ራሱ ማሰማት ተሞክሯል። ሰውን ለማረጋጋት የመጣ ድምፅ ትርጉሙ ከታወቀ በኋላ ሰውን ያስሮጣል፤ ድምፅን የሚተክል ሰው አስቀድሞ ሊገምተው የሚቸግር ነገር ነው።

እስካሁን ያልኩት መንገደኛውን ለማስደሰት ስለሚከፈት ሙዚቃ ነው። ለማባረር የሚከፈትም አለ፤ ይህ በግልጽ ሊወራበት ይገባል። በ2003 በለንደን ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው ኤልም ፓርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ክላሲካል ሙዚቃ ተጀመረ። በ18 ወራት ውስጥ ዝርፊያ በ33 በመቶ፣ በሠራተኞች ላይ የሚደርስ ጥቃት በ25 በመቶ፣ ንብረት ማበላሸት በ37 በመቶ መቀነሱ ተነገረ፤ ሙዚቃው ወደ ሌሎች ብዙ ጣቢያዎችም ተዛመተ። በሃምቡርግ ዋና ጣቢያ መግቢያዎችም ለዓመታት ክላሲካል ሲሰማ ኖሯል፤ ዓላማው የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች በር ላይ እንዳይሰበሰቡ ነው።

የኤልም ፓርክ ቁጥሮች ይማርካሉ። ነገር ግን አንድ ጣቢያ ትንሽ ናሙና ነው፤ ወንጀሉ ጠፋ ወይስ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ተዛወረ የሚለው ጥያቄም በዚህ ቁጥር አይመለስም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሙዚቃው አንዱን እንግዳ እንዲቀበል፣ ሌላውን ደግሞ እንዲያባርር ታስቦ ሲከፈት፣ ማደሪያ አጥቶ በር ሥር የተጠለለው ሰው ከዚያ ይነሳል እንጂ ማደሪያ አያገኝም። በ2018 የጀርመን ባቡር ድርጅት በበርሊን ሄርማንሽትራሰ ጣቢያ ቅኝት አልባ ሙዚቃ አሰምቶ ዕፅ ተጠቃሚዎችን ለማራቅ ሲያቅድ የከተማዋ ሙዚቀኞች አዘኑ። ይህን ሙዚቃ የሚወዱ፣ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ሰዎች ናቸው፤ ጥበባቸው ሰው መበተኛ ሊሆን ነው። ጣቢያው አካባቢ ያንኑ ሙዚቃ ለማንም በነፃ ተጫወቱ፤ ዕቅዱም ቀረ። ኬላሪስና ኬንት ለሙከራ ካሰሟቸው መካከል ጊዜን ያሳጠረው ይህን የመሰለ ቅኝት አልባ ሙዚቃ ነበር።

ሙዚቃ ጣቢያ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያምርብኝ በሰው እጅ ሲጫወት ነው። የፈረንሳይ ባቡር ድርጅት ከ2012 ጀምሮ በብዙ ጣቢያዎች ማንም የሚጫወትበት ፒያኖ አስቀምጧል። በለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ኤልተን ጆን በ2016 ያበረከቱት ፒያኖ አለ። ፒያኖው አንድ ጥግ ላይ ነው፤ የወደደ ይጠጋል፣ ያልወደደ ይርቃል። ሁለት እጅ ሲደክም ያቆማል። ማስታወቂያ ሲመጣ ተጫዋቹ ጣቱን ያነሳል። ዳኛ ዳግላስ የጠየቁት ምርጫ እዚህ አለ።

እርግጥ ነው፣ ሰው ይቆማል ማለት አይደለም። በጥር 2007 ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ጆሹዋ ቤል በዋሽንግተን ሎንፎንት ፕላዛ ጣቢያ መግቢያ ላይ ማንነቱን ሳይገልጽ ለ43 ደቂቃ ተጫወተ። ካለፉት 1,097 ሰዎች ቆመው የሰሙት 7 ብቻ ነበሩ። ብዙዎች ይህን የዘመኑ ሰው ውበት አያውቅም ብለው ተረጎሙት። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ ሰዎቹ ሥራ ሊገቡ ነው። የተቸኮለ ሰው ጆሮው የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ይህንንም መንቀፍ አይገባም።

ጣቢያዎች ሙዚቃ ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ «ተሳፋሪውን ጠይቀናል» ይላሉ። የዋሽንግተኑም ኩባንያ አስጠይቆ ነበር። ከተጠየቁት 93.4 በመቶው አልተቃወሙም ተባለ። ቁጥሩ ሲፈታ 76.3 በመቶው ደገፉ፣ 13.9 በመቶው ግድ የለንም አሉ፣ 3.2 በመቶው አናውቅም አሉ። የማይደግፉት 6.6 በመቶ ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ብዙኃኑ ከፈለገ ትቃወማላችሁ ወይ ተብለው እንደገና ሲጠየቁ አጥብቀው የቆሙት 3 በመቶ ሆኑ። ድምር ቁጥሩ ያሳምናል። ግን ማን ተቃወመ የሚለውን አይነግረንም። ለ76ቱ ትንሽ ደስታ የሚሰጥ ድምፅ ለሦስቱ የመሳፈሪያውን ቁጥር የሚያሳጣ ከሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ መቁጠር አይቻልም።

ጥያቄውን የሚያዘጋጀውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወገን ይረሳል፤ ሠራተኛውን። መንገደኛ ያንን ዜማ የሚሰማው ለ10 ደቂቃ ነው። ቲኬት የሚቆርጠው፣ ወለሉን የሚያጸዳው፣ የጥበቃ ሠራተኛው ግን 8 ሰዓት ሙሉ፣ ተመሳሳዩ ዝርዝር እየዞረ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ይሰማዋል። ድምፁ የት ላይ እንደሚጮህ፣ የትኛው ማስታወቂያ እንደማይሰማ፣ ሽማግሌዎቹ የቱ ጋ ቆመው «ምን አለች?» እያሉ እንደሚጠይቁ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሙዚቃው ከመከፈቱ በፊት እነሱን ጠይቁ፤ ከተከፈተ ከአንድ ወር በኋላም ተመልሳችሁ ጠይቋቸው።